አራት ማይክሮፎን፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ሜትር ተኩል ሲባጎ፦ ድራምን በመኖሪያ ቤት መቅረጽና ሚክስ ማድረግ

በካሴትና በሲዲ ዘመን ከሰማናቸው ዘፈኖች በብዙዎቹ ውስጥ ድራሙን የመታው ሰው ሳይሆን ኪቦርድ ነው። ጆሯችን ከዚያ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ምት ጋር ተላምዶ አድጓል። ስለዚህ ጀማሪ ቀራጭ እውነተኛ ድራም ፊት ሲቆም ግራ ይገባዋል። ስኔሩ (ስንጥቅ የሚል ድምፅ ያለው ድራም) ሲመታ ቶሙ (ጎኑ ያለው ወፈር ያለ ድራም) ያጉረመርማል፣ ሲምባሉ (የነሐስ ሳህኑ) ይንቀጠቀጣል፣ ሳሎን ያለው የቡፌ ብርጭቆም ይንጫረራል። አንዱን ብቻ ለይቶ መያዝ አይቻልም። መያዝ ያለበትም አይመስለኝም፤ ድራም አንድ መሣሪያ እንጂ የስምንት መሣሪያዎች ክምር አይደለም።

ይህን የምጽፈው ስቱዲዮ ለሌለው፣ ነገር ግን አንድ ክፍል፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ድራም ላለው ሰው ነው። የምነሳውም ራሴ ከምሠራበት ክፍል ነው፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2 ሜትር ከ60፣ ከላዩ ቆርቆሮ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ማይክሮፎን ከመሰካቱ በፊት ስለሆነ፣ ስለ ሚክስ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች ስለ ማመጣጠንና ማዋሃድ፣ ለማንበብ የቸኮለ ሰው ይቅር ይበለኝ። ሚክሱ ከታች ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን በጋቢው በኩል ያልፋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. ቢያንስ አራት የማይክሮፎን መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ። ብዙ ሰው ሳውንድ ካርድ ይለዋል። ባለ ሁለት መግቢያዎቹ ለድምፃዊና ለጊታር ይበቃሉ፣ ለድራም ግን ያንሳሉ። ቤሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ ከባለ አራቶቹ አንዱ ነው።

2. ለስኔር የሚሆን ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ኃይለኛ ድምፅ የሚችል፣ ከኢንተርፌሱ ኃይል የማይፈልግ ዓይነት)። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ የሚመረተው ሹር ኤስኤም57 ለዚህ ሥራ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። እሱ ከሌለ ለድምፃዊ የምናውቀው ኤስኤም58 ሥራውን ይሠራል።

3. ለቤዝ ድራም የሚሆን ትልቅ ዳይናሚክ፦ ኤኬጂ ዲ112 ወይም ሹር ቤታ 52 የመሰለ።

4. ከላይ የሚሰቀሉ ሁለት ተመሳሳይ ኮንደንሰር ማይክሮፎኖች። እነዚህ ከኢንተርፌሱ የሚመጣ 48 ቮልት ካላገኙ አይሠሩም።

5. የመቅረጫ ፕሮግራም። ሪፐር 60 ቀን ሳይከፈልበት በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ ለመማር ጥሩ ነው።

6. ድምፅ ወደ ውጭ የማያስወጣ ሄድፎን፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ ሶፍት፣ ትራስ፣ የድራም ቁልፍ፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ፍራሽ።

ሰባተኛው የጆሮ መከላከያ ነው። ሰው ይንቀዋል፤ አትናቁት። በዝግ ክፍል ውስጥ ተጫዋቹ ጆሮ የሚደርሰው ድምፅ በቀላሉ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ያለዚህ ጆሮ ደግሞ ሚክስ የሚባል ነገር የለም።

ጎረቤት፣ መብራት፣ ዝናብ

ጎረቤት በር ካንኳኳ በኋላ የሚቀርብ ይቅርታ ዋጋ የለውም፤ ቀድማችሁ ሂዱ። እኔ አጥር የምንጋራቸውን እናት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ሄጄ፣ «እማማ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድራም ልንመታ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ብቻ» አልኳቸው። «ከ10 ሰዓት በኋላ ጸሎት አለብኝ ልጄ፣ ከዚያ እንዳታሳልፉ» አሉኝ። 10 ሰዓት ሲሆን ስቲኩ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር። በሳምንቱ እርሳቸው ራሳቸው «ዛሬስ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህን ማድረግ ግድ የሚሆነው ጋቢና ፍራሽ ድምፅ ከቤት እንዳይወጣ ስለማያግዱ ነው። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከባድና በደንብ የሚገጥም በር። ጨርቅ የሚችለው ክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ መዋጥ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ሁለቱንም አይሠራም። ቀጫጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካካል እንጂ ቤዙ መኖሩንም አያውቀውም።

መብራትን በሚመለከት፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ። ብዙ ቤቶች የመሬት መስመር በትክክል አልተዘረጋላቸውምና ቻርጀሩ ሲሰካ 50 ኸርዝ ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ወደ ቀረጻው ይገባል። እኔ ይህን ያወቅሁት ግማሽ ቀን ሙሉ ከቀረጽሁ በኋላ ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ጠቅ ይላል፤ ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ምግብ አይበላሽም። የእንጀራ ምጣድ በተሰካበት ሰዓትም አትጀምሩ፤ መብራቱ እየደከመና እየበረታ ሲመላለስ ለመሣሪያ ጥሩ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ሥራውን ወደ ጠዋት አምጡት። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከየትኛውም ሲምባል ይበልጣል። አንድ ጊዜ ከማለዳ ቀረጻችን መካከል፣ ድራሙ ዝም በሚልበት ሁለት ምት ላይ፣ «ቁራሌው!» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ተገኝቷል። በሰዓቱ ገብቶ ነበርና ልንተወው ምንም አልቀረንም።

ክፍሉን ማዘጋጀት

ባዶው ክፍል መሃል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ እንደ ሽቦ የሚርገበገብ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። ሁለቱንም መሸፈን አያስፈልግም፤ ከሁለቱ አንዱ ላይ ጋቢ ስቀሉ። ግድግዳው ላይ ከምታጣብቁት 10 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በሲባጎ ብትዘረጉት የበለጠ ይውጣል። ፍራሹን ከተጫዋቹ ጀርባ ባለው ማዕዘን አቁሙት። ከድራሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ቤዝ ድራሙ እየተንሸራተተ እንዳይሄድም ይይዘዋል።

ሁለተኛው ጋቢ የሚሄደው ወደ ኮርኒስ ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የስኔር ቆዳ ከወለል 65 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነው እንበል። ማይክሮፎኑን ከዚያ 1 ሜትር ከ5 ከፍ አድርገን ብንሰቅለው ከኮርኒሱ የሚለየው 90 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ድምፁ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ደግሞ ኮርኒስ ነክቶ 5 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ የተወሰኑ ድምፆች ይጠፋሉ፣ ሌሎች ያብጣሉ። በቤት የተቀረጸ ድራም «ሣጥን ሣጥን» የሚለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። ጋቢውን አጥፋችሁ ማይክሮፎኖቹ በሚሰቀሉበት ቦታ በላይ በአራት ጫፉ እሰሩት።

ድራሙ የት ይቀመጥ? ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ከ43 ኸርዝ ጋር ይተባበራል፤ ይህ ደግሞ የቤዝ ድራም ሰፈር ነው። በክፍሉ ትክክለኛ መሃል ይህ ድምፅ ይጠፋል፣ ማዕዘን ላይ ደግሞ ያብጣል። ስለዚህ ከሁለቱም ሽሹ። ሂሳቡ የሚሰለቻችሁ ከሆነ ፍሎር ቶሙን (ወለል ላይ የሚቆመውን ትልቅ ቶም) ብቻ ይዛችሁ ክፍሉ ውስጥ ተዘዋወሩ፤ በየቦታው አስቀምጣችሁ ምቱት። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ሞላ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ድራሙን ሁሉ እዚያ ትከሉት።

በመጨረሻ አንድ ሰው ቤዝ ድራሙን እየመታ ሌላው ቤቱን ይዙር። የሚንጫረር መስኮት፣ የላላ የኮርኒስ ምስማር፣ የበር ቁልፍ፣ ቡፌ፤ የተገኘው ሁሉ በፕላስተር ወይም በሶፍት ዝም ይበል።

ድራሙን መቃኘት

ክራር ሳይቃኝ የሚደረድር ሰው የለም። ድራም ግን ሲገዛ እንደተወጠረ ለዓመታት ይመታል። የእኛ ከበሮ ቆዳው ሲረግብ ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል፤ የድራም ፕላስቲክ ሙቀት አያስፈልገውም፣ የሚፈልገው ቁልፍ ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ሙሉ ሰዓት ስጡት።

ቆዳው ካረጀና መሃሉ ከጎደጎደ ቀይሩት። ቢያንስ የስኔሩ የላይኛው አዲስ ይሁን። ብሎኖቹን ሁሉ በጣት እስኪይዙ ድረስ አጥብቁ። ከዚያ በቁልፉ አንዱን ሩብ ዙር፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ሩብ ዙር እያላችሁ ተሻገሩ፤ ጎን ለጎን ከሄዳችሁ ቆዳው ይዛባል። ድምፅ መስጠት ሲጀምር ከእያንዳንዱ ብሎን 3 ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ በስቲኩ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ ነው። መሃሉን በጣት ጫን ብትሉት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰማል።

በቶም ላይ የላይና የታች ቆዳ እኩል ሲሆኑ ድምፁ ረዥም ይሆናል። የታችኛውን ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ያጥራል፤ ለጠባብ ክፍል የምመርጠው አጭሩን ነው። የስኔር የታችኛው ቆዳ በጣም ይወጠር። የላይኛው እንደ ዘፈኑ ነው፣ ነገር ግን ለስድስት ስምንተኛ ምታችን፣ ለችክችካው፣ ከፍ ብሎ መቃኘት ይሻለዋል። ችክችካ ላይ ስኔሩ በቀስታ የሚነኩ ትናንሽ ምቶች ስለሚበዙበት የላላ ቆዳ ያንን ሁሉ ይበላዋል። አላስፈላጊ ጩኸት ከቀረ ሶፍት አጥፋችሁ በቆዳው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ ከሣንቲም ብዙም የማይበልጥ ይበቃል። ቤዝ ድራሙ ውስጥ የሚገባው ትራስ ተጫዋቹ በኩል ያለውን ቆዳ በስሱ ይንካ እንጂ አይግፋው። ድራሙን በብርድ ልብስ ጢቅ አድርጎ መሙላት ካርቶን የመምታት ያህል ነው።

ማይክሮፎኖቹን መትከል

እንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ ግሊን ጆንስ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሌድ ዜፕሊንን የመሳሰሉ ባንዶችን ሲቀርጽ ድራሙን የያዘው በጥቂት ማይክሮፎኖች ነበር። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ አራት መግቢያ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ የተሠራለት ይመስላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የድራሙን ሙሉ ምስል የሚያነሱት ከላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ ሌሎቹ ሁለቱ አጋዥ ናቸው።

የመጀመሪያውን ኮንደንሰር በስኔሩ አናት ላይ፣ ከቆዳው መሃል 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ወደ ስኔሩ ቁልቁል አዙሩት። አሁን ሲባጎውን አውጡ። አንዱን ጫፍ ረዳታችሁ ስኔሩ መሃል ላይ ይያዝ፤ እናንተ እስከ ማይክሮፎኑ አፍ ወጥሩና ቋጠሮ እሰሩበት። ሁለተኛውን ኮንደንሰር ከተጫዋቹ በስተቀኝ፣ ከፍሎር ቶሙ ጀርባ፣ ከጠርዙ 15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ በቶሙ ላይ አሻግሮ ወደ ስኔሩና ሃይ ሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) እንዲመለከት አድርጉት። ሲባጎው እዚህም ቋጠሮው ላይ እኩል ይድረስ። ካልደረሰ ስታንዱን አንቀሳቅሱ።

ይህ እኩልነት ጌጥ አይደለም። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ይጓዛል። አንዱ ማይክሮፎን በአንድ ክንድ ቢርቅ የስኔሩ ድምፅ በሁለቱ ላይ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሲደመሩ ይሳሳል፣ ወደ አንድ ጎንም ያዘነብላል።

የስኔሩ ማይክሮፎን ከጠርዙ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ጥቂት ገብቶ፣ ወደ ቆዳው መሃል ዘንበል ይበል። ጀርባው ግን በትክክል ሃይ ሃቱን ይይ። እንዲህ ያለ ማይክሮፎን ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ ብዙም አይሰማም፤ ከማንኛውም የኮምፒውተር ማጣሪያ ይልቅ ሃይ ሃትን የሚያስወግድላችሁ ይህ ነው። ስቲክ የሚደርስበት ቦታ እንዳይሆንም ተጫዋቹ በዝግታ እየመታ ያሳያችሁ።

የቤዝ ድራሙ የፊት ቆዳ ቀዳዳ ካለው ማይክሮፎኑን በቀዳዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ወደ መምቻው ሲጠጋ ጠቅታው ይበዛል፣ ወደ ቀዳዳው ሲመለስ ሆድ ሆዱ ይበዛል። በትክክል ቀዳዳው አፍ ላይ ግን ንፋስ ይወጣልና እዚያ አታቁሙት።

ሁለት መግቢያ ብቻ ካላችሁ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ቤዝ ድራም ላይ አድርጉ፤ ድምፁ አንድ ወጥ ይሆናል እንጂ አይከፋም።

ጌን፣ ሜትሮኖም፣ ቀረጻ

ፕሮግራሙን 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ላይ አድርጉት። በዚህ ልክ አንድ ማይክሮፎን በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ በአራት ማይክሮፎን የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ዘፈን ወደ 173 ሜጋባይት ይሆናል። ዲስካችሁ ላይ ቦታ መኖሩን ሳታዩ አትጀምሩ።

ተጫዋቹ ከዘፈኑ ኃይለኛውን ክፍል ይምታ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ፕሮግራሙ ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ) 12 ዴሲቤል ዝቅ እስኪል ድረስ ጌኑን (የመግቢያውን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) አስተካክሉ። ያንሳል ብላችሁ አትጨምሩ። ድራም ተጫዋች ለሙከራ የሚመታውና ቀዩ መብራት ሲበራ የሚመታው አንድ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይጨምራል። ዝቅ ያለ ቀረጻ በኋላ ከፍ ይደረጋል፣ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።

ሜትሮኖሙ (ፍጥነት የሚጠብቀው ምት ቆጣሪ) ላይ የእኛ ሰዎች የሚደናቀፉበት ነገር አለ። ፕሮግራሞቹ ሲከፈቱ አራት አራተኛ ላይ ናቸው፤ ችክችካን በዚያ ላይ መምታት በአንድ እግር ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጎ እንደመሮጥ ነው። ወደ ስድስት ስምንተኛ ቀይሩት። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ፍጥነቱን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ስለሆነ፣ እግራችን የሚመታውን ትልቁን ምት በደቂቃ 110 ከፈለጋችሁ የምትጽፉት 165 ነው፤ 110ን በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። ተጫዋቹ እስኪለምድ ስድስቱም ምቶች ይሰሙት፣ ከዚያ ሁለቱ ትልልቆቹ ብቻ ይቅሩለት።

አሁን ደግሞ ከማይክሮፎን ሁሉ የሚበልጠው ነገር፦ አመታቱ። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲምባል ሁሉንም ይሸፍናል፤ ምስሉን የሚያነሱት የላይኞቹ ማይክሮፎኖች ስለሆኑም በኋላ ዝቅ ማድረግ አትችሉም። መፍትሔው እጅ ላይ ነው። ድራሞቹ በርታ ተደርገው፣ ሃይ ሃቱና ሲምባሎቹ ቀለል ተደርገው ይመቱ። ተጫዋቹ ይህን ለመቀበል ይከብደዋል፤ ዓመታት የተለማመደው በባንድ ጩኸት ውስጥ ነው። ክርክር ከመግጠም አንድ ደቂቃ ቅረጹና በሄድፎን አሰሙት። እኔ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አግኝቼ አላውቅም።

ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ቅረጹ። ከአራተኛው በኋላ ክንድም ጆሮም ይደክማል። መጨረሻ ላይ ሲምባሉ ጨርሶ እስኪሞት ማንም አይንቀሳቀስ፤ ቢያንስ 10 ሰከንድ። ተጫዋቹ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ድራም ለብቻው፣ ቀስ ብሎም ጠንክሮም፣ አምስት አምስት ጊዜ ይምታ። አንድ የስኔር ምት ተበላሽቶ ብታገኙ ከዚህ ተበድራችሁ ትተኩታላችሁ።

ሚክስ ከመጀመሩ በፊት፦ ፌዝ (የማይክሮፎኖቹ ማዕበል እርስ በርስ መግጠሙ)

ይህን መዝለል ልማድ ነው፤ እኔም ዘልዬው ስኔሩ ለምን እንደ ጣሳ እንደሚጮህ ሁለት ሌሊት ኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ማመጣጠኛ) ሳሽከረክር አድሬያለሁ። አራት ማይክሮፎን አንድ ምት ሲሰሙ አንዱ ማዕበሉን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሊጽፈው ይችላል። ሲደመሩ ይጠፋፋሉ፤ የሚጠፋው ደግሞ ሁልጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ነው።

ሁሉንም ድምፅ ወደ ሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ ወደ አንድ) ቀይሩ። ሁለቱን የላይኞች ክፈቱ፣ ስኔሩን ጨምሩ፣ ከዚያ የስኔሩን የፖላሪቲ ቁልፍ (ማዕበሉን የሚገለብጠውን) እየተጫናችሁና እየለቀቃችሁ ስሙ። ምልክቱ በሰያፍ መስመር የተሰረዘ ክብ ነው። ድምፁ የወፈረበት አቀማመጥ ትክክለኛው ነው። በቤዝ ድራሙም ይህንኑ ድገሙ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሚክስ

ከሁለቱ የላይኞች ጀምሩ። አንዱን በግማሽ ወደ ግራ፣ ሌላውን በግማሽ ወደ ቀኝ አድርጉና ሌላውን ሁሉ ዘግታችሁ አዳምጡ። ድራሙ በእነዚህ ብቻ ድራም መምሰል አለበት። ካልመሰለ ወደ ማይክሮፎኑ ተመለሱ፤ ተጫዋቹ ገና ቡና እየጠጣ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የሣጥንነት ስሜት ካለ ከ300 እስከ 500 ኸርዝ መካከል 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ሲምባሉ ጆሮ ከወጋ ከ4 እስከ 6 ኪሎኸርዝ ባለው ውስጥ የሚወጋውን ፈልጉና ጥቂት ዝቅ አድርጉ። ሌላ አትንኩ።

ቀጥሎ ቤዝ ድራሙን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ከላይኞቹ ሥር መሬት የረገጠ ሲመስል አቁሙ። 60 ኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መጨመር፣ 350 አካባቢ ደግሞ ከ4 እስከ 6 መቀነስ ያጠራዋል። ከ3 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ጠቅታ አትርሱ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ ስለማያወጣ፣ በስልክ የሚሰማ ሰው ቤዝ ድራሙ መኖሩን የሚያውቀው በዚያ ጠቅታ ብቻ ነው።

ስኔሩን ጨምሩ። ከ90 ኸርዝ በታች ቁረጡ፤ አካሉ 200 አካባቢ፣ ስንጥቅታው 5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። አንድ የሚያፏጭ ድምፅ ካስቸገረ ኢኳላይዘሩን አጥብባችሁ ከፍ አድርጉና እየገፋችሁ ፈልጉት፤ በጣም ሲጮህ ያዛችሁት ማለት ነውና እዚያው ቀንሱት።

ኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጫነው) ላይ የቁጥር ገደብ ለመስጠት እደፍራለሁ፦ የመጫን መጠኑን አራት ለአንድ፣ ምቱ ሳይታነቅ እንዲያልፍ መያዣውን (መጫን እስኪጀምር የሚቆይበትን) 15 ሚሊሰከንድ፣ የሚቀንሰው ቢበዛ 5 ዴሲቤል። መልቀቂያውን (መጫኑን ለመተው የሚፈጅበትን ጊዜ) ግን ዘፈኑ ይወስነዋል። ትልቁ ምት በደቂቃ 110 ሲሆን አንዱ ስምንተኛ ኖታ 182 ሚሊሰከንድ ነው። መልቀቂያው ከዚህ ከረዘመ ኮምፕሬሰሩ ገና እንዳጎነበሰ ቀጣዩ ትንሽ ምት ይመጣና አብሮ ይጫናል፤ የችክችካው ጭፈራም ያኔ ይሞታል። ከ100 እስከ 140 ባለው ውስጥ ተቀመጡና ትከሻችሁ መንቀሳቀስ ሲጀምር ተዉት።

ድራሙ ሁሉ ወደ አንድ መስመር ይሂድ፤ በዚያ ላይ 1 ወይም 2 ዴሲቤል የምትይዝ ቀላል ኮምፕሬሰር ታጣምረዋለች። ሁሉንም በኃይል ጨፍልቆ ከሥር መቀላቀል በትልልቅ ስቱዲዮዎች የተወደደ ዘዴ ነው፤ በቤት ቀረጻ ግን ተጠንቀቁ። መጨፍለቅ ጸጥ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እናንተ ጋ ደግሞ ጸጥ ያለው ነገር ያ ጠባብ ክፍል ነው።

ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) ለስኔሩ ብቻ በቂ ነው። ርዝመቱ ከ0.6 እስከ 0.8 ሰከንድ፣ መነሻው 20 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ፣ ከ300 ኸርዝ በታች ተቆርጦ። መኖሩ ሲሰማችሁ ትንሽ ቀንሱ።

በየ45 ደቂቃው ከክፍሉ ውጡ። በማግሥቱ በስልክ፣ በሄድፎን፣ የሚያውቃችሁ ባለታክሲ ካለም በሚኒባሱ ድምፅ ማጉያ አዳምጡት። እውነተኛ ድራም ያለበትን የምትወዱትን ቀረጻ ከጎኑ አስቀምጡ፤ ነገር ግን የሁለቱን ድምፅ እኩል አድርጉ፤ ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ያምናል።

ለባንዱ ስትልኩ ጫፉ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ይሁን፤ ቤዝ ጊታሩና ድምፃዊው የሚቀመጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። አራቱም ፋይሎች ከአንድ መነሻ ይጀምሩ፣ ስማቸው «ቤዝ ድራም»፣ «ስኔር»፣ «ላይ ግራ»፣ «ላይ ቀኝ» ይሁን እንጂ «ኦዲዮ 14» አይሁን። ፍጥነቱን ፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ 165 ብቻ ሳይሆን «165 በሩብ ኖታ፣ ስድስት ስምንተኛ» ብላችሁ። አለበለዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹ 110 ላይ ከፍቶ፣ ድራመራችሁ ይሮጣል ብሎ ይደውልላችኋል።